ለሚ-24 ሞዴል ምን ይገዛለት? ናስ፣ ሬዚን፣ ስሪ ዲ ወይስ ተራ የመዳብ ሽቦ

"የሚ-24 ሞዴል ገዛሁ፤ እውነተኛ እንዲመስል ምን ልጨምርበት?" ይህ ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደኔ ጀርመን የሚኖሩ ናቸው። አባቱ ወይም አጎቱ ሠራዊት ውስጥ የነበረ ብዙ ነው። ይህን የሶቪየት የውጊያ ሄሊኮፕተር ከልጅነታቸው ጀምሮ በስም ያውቁታል። ሚ-24 መጀመሪያ ውጊያ ላይ የዋለው በኦጋዴን ጦርነት ነው ተብሎ ስለሚጻፍም ነገሩ ለእኛ ሰው ከመጫወቻ አለፍ ይላል። ታዲያ ፍቅር ሲኖር ኪስ ይከፈታል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ።

መልሴን አላዘገይም። የመዳብ ሽቦ ግዙ፤ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ አትግዙ። ከሱ ቀጥሎ ለኮክፒቱ፣ ማለትም ለአብራሪዎቹ ክፍል፣ አንድ የስሪ ዲ ስብስብ። የናሱን ወረቀት ተዉት። ሬዚን ከሆነ ሻጩን ሳታውቁ እጃችሁን አታስገቡ።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለ1፡48 መጠን ነው፣ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ላነሰው፤ በተለይ ዝቬዝዳ ለሚያወጣው ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ ለሚሠራው የሞዴል ሣጥን። ሣጥኑ ድሮ 50 ዩሮ አካባቢ ነበር። ኩባንያው የሩሲያ ስለሆነ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አውሮፓ ሱቅ ውስጥ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው እንደ ሻጩ ጸባይ ነው። ከ70 በላይ ካሏችሁ ጠብቁ፤ ሌላ ሻጭ አይጠፋም። ትራምፔተር የሚባለው ሌላ ኩባንያ ያወጣው 1፡35 ከ100 ዩሮ በላይ ነው፣ ርዝመቱም ግማሽ ሜትር ይሆናል። የት እንደምታስቀምጡት ከባለቤታችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትዘዙት። በ1፡72 ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዩሮ ይገኛል። እዚያ ላይ የምትጨምሩት ጌጥ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

አሁን ወደ ናሱ። ፎቶ ኤች የሚባለው በኬሚካል ተበልቶ ቅርጽ የወጣለት ስስ የናስ ወረቀት ነው። በወረንጦ ይዛችሁ ታጥፉታላችሁ፣ በሱፐር ግሉ ታጣብቁታላችሁ። የኮክፒቱ ወረቀት 28 ዩሮ ግድም ነው። የወታደር ማጓጓዣው ክፍል ሌላ 25። የውጪው አካል ሌላ 25። ይኸው፣ ከኪቱ ዋጋ በላይ ወጣ! ገና ቀለም አልተገዛም።

ለዚህ ገንዘብ ምን ይገኛል? ጠፍጣፋ ነገር። የሄሊኮፕተር ኮክፒት ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ጥቂት ነው። ማንሻው ድቡልቡል ነው፤ ቱቦው ክብ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ክብ ነው። ናስ እነዚህን ሁሉ እንደ ተቆረጠ ቆርቆሮ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። በዚያ ላይ አንዴ የተሳሳተ እጥፋት ካጠፋችሁ ለማቅናት ስትሞክሩ መታጠፊያው ላይ ይሰበራል። መለዋወጫ የለውም። ለአንዲት ጣት የማታክል ፔዳል ሌላ 28 ዩሮ የሚያወጣ ሰው ካለ እሱን አላስተምርም።

የማጓጓዣው ክፍልማ የባሰ ነው። ሚ-24 ከኋላ ስምንት ወታደር ይጭናል፤ በሩ ሲዘጋ ግን የሚታየው በትንንሽ መስኮቶች በኩል ያለ ጨለማ ብቻ ነው። በሩን ክፍት አድርጋችሁ የማትሠሩት ከሆነ ያ 25 ዩሮ ተቀበረ ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ወንፊት መሳይ ነገሮችን ናስን የሚያህል አይሠራቸውም። ግን ለአንድ ወንፊት ሙሉ ወረቀት አይገዛም።

ሬዚን ላይ፣ ፈሳሽ ሆኖ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክረው ፕላስቲክ ላይ፣ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። አንድ ወዳጄ በኢንተርኔት ለሚ-24 ሙሉ የሬዚን ኮክፒት 14 ዩሮ አገኘ። ዋናው 40 ዩሮ ይጠጋል። ፎቶው የሚያምር ነው፤ ፎቶው ግን የዋናው ዕቃ ነበር። የመጣለት ሌላ ነው። የመቀመጫው ጀርባ በአረፋ ተበሳስቷል። የመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉት ክቦች ሳሙና እንደበላቸው ደብዝዘዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ስፋቱ ነው። ወለሉ ከኪቱ ግድግዳ ጋር አልገጠመም፤ በግራም በቀኝም ክፍተት ቀረው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሬዚን ሻጋታ ውስጥ ሲጠነክር በትንሹ ይኮማተራል። ዋናው አምራች ይህን አስቦ ይሠራል። ኮፒ የሚያደርገው ሰውዬ ግን ከተኮማተረው ዕቃ ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ ያም እንደገና ይኮማተራል። የኮፒ ኮፒ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ሻጩን የሣጥኑን ሥዕል ሳይሆን የራሱን ዕቃ ፎቶ ጠይቁ፤ ቀለም ያልተቀባ፣ ሬዚኑ ከፈሰሰበት ግንድ ጋር። አልልክም ካለ መልሱ ያው ነው።

ኮፒው ቤት ከገባ በኋላስ? የተጣመመውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በጣት አቅኑት፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። የአረፋውን ቀዳዳ በሱፐር ግሉና በሕፃን ፓውደር ድብልቅ ድፈኑት፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀትም ይለሰልሳል። የጎን ክፍተቱን በስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ሙሉት። ከመቀባታችሁ በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፤ የሻጋታ ቅባት ስላለበት ቀለሙ ይላጣል። ስትሞርዱት እርጥብ አድርጋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ይሁን። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ከሩቅ ካዘዛችሁ ዋጋውን እንደገና ደምሩ። ከጁላይ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ በሚመጣ ዕቃ ላይ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ግብር አለ። እዚህ ጀርመን 19 በመቶ ነው። ሻጩ አስቀድሞ ካልቆረጠው ደግሞ አመላላሹ የራሱን የማስተናገጃ ክፍያ ይጨምርበታል። 14 ዩሮ የተባለው ኮፒ በር ላይ ሲደርስ 25 ሊጠጋ ይችላል። የቼኩን አምራች ኤዱዋርድን ወይም የፖላንዱን ማስተርን ዕቃ ስትገዙ ይህ ጣጣ የለም፤ ሁለቱም ኅብረቱ ውስጥ ናቸው። ማስተርን ካነሳሁ አይቀር፣ የምትሠሩት ሚ-24ፒ የሚባለው ዓይነት ከሆነ በቀኝ ጎኑ የተለጠፈው ባለ ሁለት አፈሙዝ 30 ሚሊሜትር መድፍ ረጅምና ግልጽ ስለሆነ ከናስ የተቀረጸ አፈሙዝ ያምርበታል። 8 ወይም 10 ዩሮ ቢወጣ አይቆጭም። አፍንጫው ሥር ባለ አራት አፈሙዝ 12.7 መትረየስ ያለበት ከሆነ ግን አጭር ነው፤ የኪቱ ይበቃል።

ስሪ ዲው ሌላ ዓለም ነው። ኩዊንታና ኤዱዋርድ የተባሉት አምራቾች የሚያወጡት እንደ ዲካል (በውሃ የሚለጠፍ ሥዕል) ውሃ ውስጥ ነክራችሁ የምታነሱት፣ ግን ከፍ ዝቅ ያለው የታተመ ሰሌዳ ነው። ቀለሙ አብሮ ታትሟል። የመቆጣጠሪያ ሰዓቶቹ መስታወት ሳይቀር ያብለጨልጫል። እኔ የመርፌ ጫፍ ቀለም ውስጥ ነክሬ እንዲህ አልሠራም፤ እናንተም አትሠሩም። ከ20 እስከ 30 ዩሮ ነው፤ ከናሱ ጋር እኩል ዋጋ፣ ከናሱ ጋር የማይወዳደር ውጤት። የሚ-24 ሁለቱ መቀመጫዎች ፊትና ኋላ ሆነው በትልልቅ መስታወት ሥር ስለሆኑ ኮክፒቱ እንደ ማጓጓዣው ክፍል አይደበቅም። እዚህ የወጣ ገንዘብ ይታያል።

ስትገዙ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ለየትኛው ኪት እንደተሠራ ማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ሞኖግራም ለተባለው ለድሮው ኩባንያ ኪት የተሠራ ለዝቬዝዳ አይሆንም። በአዲስ ምላጭ ቁረጡት፤ በደነዘ ምላጭ ጫፉ ይፈረፈራል። ግድግዳውንና ወለሉን ስትቀቡ ደግሞ የቀለም ጠርሙሱን አትመኑ። የሶቪየት ኮክፒት ያ የታወቀ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ግን ማተሚያው ያወጣው ከጠርሙሱ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ቀለሙን ከሰሌዳው ጋር እስኪመሳሰል አደባልቁ። በዚህም ኮፒ አለ። ኮፒውን በጎን በኩል ስታዩት ጠፍጣፋ ነው፤ ተራ ዲካልን በስሪ ዲ ዋጋ ማለት ነው።

አሁን ወደምወደው። አሮጌ የስልክ ቻርጀር ገመድ ቁረጡና ልጡት። ውስጡ ፀጉር የሚያካክሉ የመዳብ ክሮች አሉ። ዋጋው ዜሮ ዩሮ። ወፈር ያለ ከፈለጋችሁ ጥቅል የመዳብ ሽቦ 4 ዩሮ ነው፤ ለዓመታት ይበቃል። በላይተር እሳት አሙቁትና በራሱ ይቀዝቅዝ፤ ይለሰልሳል፣ እንደፈለጋችሁ ይታጠፋል። ውፍረቱን በ48 አባዙት። 0.2 ሚሊሜትር ሽቦ በእውነተኛው ላይ አንድ ሴንቲሜትር የሚሆን ቱቦ ነው። 0.5 ከሆነ 2.4 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ የወፈረ ሽቦ የምትከቱበት ቦታ ብዙ የለም።

ቦታው የት ነው? የሮተሩ፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች፣ አናት። ሰው ሞዴል ሲያይ ከላይ ነው የሚያየው፤ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ። ኮክፒት ላይ 100 ዩሮ አፍስሶ አናቱን ራቁቱን የሚተው ሰው እስካሁን አይገባኝም። የሚ-24 አናት ላይ ትንሽ የዘይት ማጠራቀሚያ አለች። ከሷ ወደ አምስቱ ክንፎች ሥር፣ የክንፉን ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ ወደሚያበርዱት ዳምፐሮች፣ አንዳንድ ቱቦ ይሄዳል። ክንፉ ላይ በረዶ እንዳይጋገር የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ገመድም አለ። ኪቱ እነዚህን አይሰጣችሁም። በ0.3 መሰርሰሪያ ማጠራቀሚያው ዙሪያ አምስት ቀዳዳ ብሱ። ሽቦውን ሰክታችሁ ትንሽ ዘና ብሎ እንዲወርድ አድርጉት፤ ቀጥ ብሎ የተወጠረ ቱቦ ውሸት ይመስላል፣ ክንፉ ሲንቀሳቀስ ይበጠስ ነበርና። ጥቁር ቀቡት። ሽቦው መገናኛ ላይ ጠብታ ነጭ ሙጫ ካደረጋችሁ ሲደርቅ ማሠሪያ ይመስላል። መሰርሰሪያውን ግን በጣም ርካሹን አትግዙ፤ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና አይወጣም። 5 ዩሮ ያለው ይሻላል።

ፎቶ ከፈለጋችሁ በርሊን ጋቶቭ ያለው የጦር ታሪክ ሙዚየም ሚ-24 አለው፤ ምሥራቅ ጀርመን ሚ-24ዲንም ሚ-24ፒንም ታበር ነበር። መግቢያው ነጻ ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው ከማንሳት የሄሊኮፕተሩን አናትና የጎማውን እግር አንሱ፤ የፍሬን ቱቦው እግሩን ተከትሎ እንዴት እንደሚወርድ እዚያ ታዩታላችሁ። እሱም ያው ሽቦ ነው።

ምንም የማይከፈልባቸው ደግሞ አሉ። የቆመ ሄሊኮፕተር ክንፎቹ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይጎብጣሉ። የኪቱ ክንፎች እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወደ ጫፉ እየበዛ እንዲሄድ በጥቂት ሚሊሜትር አጉብጧቸው። አምስቱም እኩል ይሁኑ። ይህን ብቻ ብታደርጉ ከናሱ ወረቀት ሁሉ ይበልጣል። የሞተሩ ጭስ በግራና በቀኝ ስለሚወጣ ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ ጥቁር የሥዕል ጠመኔ ፍቃችሁ በለስላሳ ብሩሽ አሹት። አታብዙት።

መስታወቱን በሱፐር ግሉ እንዳታጣብቁ። ትነቱ ነጭ ጉም ይጥልበታል፤ ያ ሁሉ ኮክፒት ከጉም በስተጀርባ ይቀራል። ነጭ ሙጫ ይበቃል። ጉሙ ከያዘ ደግሞ ውጪውን በጥርስ ሳሙና ብዙ ካሻችሁት ይለቃል፤ ውስጡን የያዘው ግን ሳይነቀል አይደረስበትም። ክፈፉን ስትቀቡ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ የተቆረጠ መሸፈኛ 10 ዩሮ ግድም ነው። የሚ-24 መስታወት ጎባጣ ስለሆነ በእጅ ቴፕ መቁረጡ ያሰለቻል፤ እሱን ግዙ።

ድምሩ ይኸው። በኔ መንገድ ስሪ ዲው 25፣ መሸፈኛው 10፣ መሰርሰሪያው 5፣ ሽቦው 4፣ ጠመኔው 3፤ 47 ዩሮ። በናሱ መንገድ ሦስቱ ወረቀቶች ብቻ 78፣ መሸፈኛ ሲጨመር 88፤ አናቱ ያኔም ራቁቱን ነው።

አንድ ነገር ግን ኪቱን ሳትገዙ በፊት። የአጎቴን የኦጋዴን ሄሊኮፕተር ነው የምሠራው የምትሉ፣ በ1970 ዓ.ም. እኛ ጋ የነበረው ሚ-24ኤ የሚባለው የቀደመው ዓይነት ነው። ያ ፊቱ እንደ ሁለት ጎባጣ ጉልላት አይደለም፤ ጠፍጣፋ መስታወቶች የተገጣጠሙበት ሰፊ ክፍል ነው። ከሚ-24ዲ ወይም ከሚ-24ቪ ኪት ላይ በሽቦም በሬዚንም አይወጣም፤ ግንባሩ በሙሉ ሌላ ነው። ዝቬዝዳ በ1፡72 ሚ-24ኤን አውጥቷል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ስሪ ዲውን ተዉትና ሽቦውን ቀጠን አድርጉት፣ 0.1 ይሁን።