የእማዬ ሳንባና የአዲስ አበባው ሲቲ ስካን

ለገና ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ስገባ እማዬ አሁንም ትስላለች። ጠዋት ጠዋት አክታው ያስቸግራታል። ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዟት መድኃኒቱን በሥርዓት ጨርሳለች። ከዚያ ወዲህ ሳሉ በተነሳባት ቁጥር ራጅ ትነሳለች፣ “የድሮ ጠባሳ ነው” ትባላለች፣ አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። ዘንድሮ ያዩዋት የሳንባ ሐኪም ግን ሲቲ ስካን አዘዙላት።

የሄድነው አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ነው። ደስ ያሰኘኝን ላስቀድም። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ እማዬን ከማስተኛቱ በፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ትንፋሽ አለማመዳት። “እናቴ፣ በደንብ ይሳቡ፤ ይያዙት፤ አሁን ይልቀቁት።” ሦስት ጊዜ ደገመላት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲተነፍስ ሳንባው ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉ ይደበዝዝና ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች አይለዩም። የእማዬ ችግር ደግሞ እዚያው ቧንቧዎቹ ላይ ነበር። ራጅ ላይ ልቡም የጎድን አጥንቱም ከሳንባው ጋር ተደራርቦ ነው የሚታየው። ሲቲ ስካን ግን ሳንባውን በስሱ በስሱ እየከፈለ ያሳያል።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። “ነገ ይደርሳል” የተባለው ሪፖርት የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ሁሉ ምስል አንስተው የሰጡን ጥቂቱን ፊልም ላይ አትመው ነው። ሙሉው በሲዲ የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ መሆኑን የነገረን ሰው የለም። ለምን? የከፈልነው እኛ፣ ሳንባው የእሷ!

ሐኪሟ ኋላ ጠይቀን የተቀበልነውን ሲዲ ኮምፒውተራቸው ላይ ከፍተው ለእማዬ ራሷ አሳዩዋት። ቲቢው ጠባሳ በተወበት ቦታ ቧንቧዎቹ ሰፍተዋል፤ አክታ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ብሮንካይክታሲስ ይባላል። ቲቢው ተመልሶ እንደሆነ ግን ምስሉ ብቻውን አይናገርም ብለው አክታዋን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ላኩት። ውጤቱ ነጻ ሆነ። እፎይ አልን።

አሁን ጠዋትና ማታ አክታ የሚያወጣ የትንፋሽ እንቅስቃሴ ትሠራለች። የሲቲ ስካን ጨረር ከራጅ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በሳለች ቁጥር እንዳትነሳ ሐኪሟ አስጠንቅቀውናል። ወደፊት ሌላ ሐኪም ካያት የሚያነጻጽረው ከዚሁ ምስል ጋር ነው። ስለዚህ ሲዲውን አስገልብጬ አንዱን እማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ አንዱን ይዤ መጣሁ።