የፒያሳው አረንጓዴ ሌዘር፦ ለክፍል ጥሩ፣ ለልጅ እጅ አይሆንም

ዕቃው አረንጓዴ የእጅ ሌዘር ነው። ጎንደር ፒያሳ ካሉት የሞባይል ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ ገዛሁት። ጥቁር የብረት ቱቦ፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ያለው፣ ከኋላው በትንሽ ቁልፍ የሚቆለፍ። ሻጩ "እታለም፣ ይሄ እስከ ጎሃ ድረስ ይሄዳል" አለኝ። 900 ብር ጠራ፣ በ700 ተስማማን። እኔ እስከ ጎሃ ኮረብታ ድረስ አልፈለግሁትም። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ከጠረጴዛ እስከ ሰሌዳ ከደረሰ ይበቃኛል።

ለዚያ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው። የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ያደላል። ጉልበታቸው እኩል ቢሆን እንኳ፣ የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ 650 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ስምንት እጥፍ ገደማ ደምቆ ይታየናል። የክፍላችን መጋረጃ ሳስቷል፤ ያም ሆኖ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ነጥቧን በደንብ ያያታል።

ቤት ውስጥ የተረሳ የሠርግ ቪሲዲ ነበር፤ እሱን ይዤ ሄድኩ። የሲዲ መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ልዩነት ስለተደረደሩ ብርሃኑን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይበትኑታል። ከሲዲው 1 ሜትር ርቆ በቆመ ሰሌዳ ላይ፣ የመጀመሪያው አረንጓዴ ነጥብ ከመሃሉ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። በቀይ ሌዘር 44 ይሆናል። ተማሪዎቹ በማስመሪያ ለክተው የሞገድ ርዝመቱን ራሳቸው ያሰሉታል። ዲቪዲ እንዳታነሱ ብቻ፤ የእሱ መስመር ልዩነት 0.74 ስለሆነ ቁጥሩ ሁሉ ይዘበራረቃል።

ጠዋት ጠዋት ግን ይለግማል። የጎንደርን የኅዳር ማለዳ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጨረሩ ፈዝዞ ይወጣል፤ እጄ ውስጥ ትንሽ ሲሞቅ ይነቃል። ብልሽት አይደለም፣ የብዙዎቹ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ጠባይ ነው። አረንጓዴው የሚገኘው በዙሪያ ጥምጥም ነውና። ውስጡ ያለው ዳዮድ (ብርሃን የሚያመነጨው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) 808 ናኖሜትር የሆነ፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ያወጣል። ያ ብርሃን ኒዮዲሚየም የሚባል ብረት ያለበትን ደቃቅ ክሪስታል ይመታል። ክሪስታሉ 1064 ናኖሜትር ይሰጣል፤ እሱም አይታይም። ሌላ ክሪስታል ድግግሞሹን እጥፍ ሲያደርገው የሞገድ ርዝመቱ በግማሽ ያጥራል፤ 532 የሚመጣው ያኔ ነው። ብርድ ሲሆን የዳዮዱ ሞገድ ትንሽ ይሸሻል፣ ክሪስታሉም የሚመጥጠው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የማይታየውን ብርሃን የሚያስቀር ማጣሪያ መኖር ነበረበት። በዚህኛው የለም፣ ካለም አይሠራም። እንዲህ አወቅሁ፦ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ያንኑ የሲዲ ሙከራ አዘጋጀሁና ሰሌዳውን በስልኬ የፊት ካሜራ አየሁት። (ካሜራው ኢንፍራሬድ ማየቱን በቲቪ ሪሞት አስቀድማችሁ ሞክሩ።) 58 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ፣ በዓይኔ ባዶ የነበረው ቦታ፣ ሰፋ ያለ ወይንጠጅ ነጠብጣብ ታየ። 808ቱ ማለት ነው። 1064ቱን በዚህ ዘዴ አታገኙትም፤ ሁለተኛው አረንጓዴ ነጥብ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ይሸፈናል። ተንኮለኛ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ጽሑፉ ነው። ቱቦው ላይ "ከ5 ሚሊዋት በታች" ይላል። በማርከር ያጠቆርኩትን ፊኛ ግን ድው አድርጎ አፈነዳው። 5 ሚሊዋት ይህን አያደርግም። ስለዚህ እኔ ብቻ ነኝ የምይዘው። ከጠረጴዛው ጋር በፕላስተር አስሬው፣ ጨረሩ ከተቀመጠ ልጅ ዓይን ዝቅ ብሎ እንዲሄድ አደርጋለሁ። ቁልፉ ከቦርሳዬ አይወጣም። ወደ አዘዞ የሚወርድ አውሮፕላን ላይ ማብራት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የፓይለቱን ዓይን ያጥበረብራል።

ይህን ሁሉ ብዬም ብሩ አልቆጨኝም። ምክንያቱ ያቺ ኒዮዲሚየም ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ዶና ስትሪክላንድ ገና የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ ከመምህራቸው ከዤራር ሙሩ ጋር የሠሩት ሙከራ የተነሳው ከኒዮዲሚየም ሌዘር ነበር። ጨረሩም ወደ 1064 ናኖሜትር ነበር። የፈለጉት አጭርና ኃይለኛ የሌዘር ምት ነበር። ችግሩ ይህ ነው፦ አጭር ምት እንዳለ ጉልበት ከጨመሩለት ማጉያውን ራሱን ያቃጥለዋል። እነሱ ምቱን 1.4 ኪሎሜትር በሆነ የፋይበር ገመድ ውስጥ አሳልፈው አስረዘሙት፣ ረጋ ብሎ ሳለ አጎሉት፣ ከዚያ መልሰው አሳጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ከማሪ ኪዩሪ እና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥሎ ይህን ሽልማት ያገኙ ሦስተኛዋ ሴት ስትሪክላንድ ናቸው። በዚያን ጊዜ ካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱን አላመለከቱበትም። "ቲቸር፣ ሳያመለክቱ?" ብላ አንዷ ተማሪዬ ሳቀች።

እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶችን የሚያፋጥኑ መሣሪያዎች ተመራማሪዎችም የሚሹት እንዲህ ያለውን ሌዘር ነው። ታጂማ እና ዶውሰን የተባሉ ፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ኃይለኛ የሌዘር ምት በፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ በተነጠሉ ጋዝ) ውስጥ የሚያስነሳው ሞገድ ኤሌክትሮን ሊያፋጥን እንደሚችል ጽፈው ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ ሌዘር ግን በጊዜው አልነበረም። ስታንፎርድ ያለው ቀጥ ያለ ማፋጠኛ 3 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከፋሲል ግቢ ብታስጀምሩት የፋሲለደስን መዋኛ አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው የበርክሊ የሌዘር ሙከራ፣ ኤሌክትሮኖች በ20 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ 8 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ደርሰዋል። የስታንፎርዱ ለዚያ ግማሽ ኪሎሜትር ገደማ ይፈጅበት ነበር። ይህን ስነግራቸው ማስመሪያ አውጥተው 20 ሴንቲሜትርን ያዩ ልጆች ነበሩ።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ቻርጀሩን ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ። የእኔ በጣም ይግላል፤ ሻጩም "ከወጣ በኋላ አይመለስም" አለ። ለተማሪ እጅ ትንሿ ቀይ ትሻላለች፤ ቀዩን ዳዮዱ በቀጥታ ስለሚያወጣው የተደበቀ ኢንፍራሬድ የለባትም። እሷም ቢሆን ዓይን ላይ አትበራም። ሰማያዊም አለ፣ "ክብሪት ይለኩሳል" እያሉ ያሻሽጡታል። እሱን በነፃ ቢሰጡኝም ክፍል አላስገባውም።