«ቱ» ወይስ «ኢንግ»?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ከእህቴ ልጅ ጋር ዓሣ እየበላን ነበር። ለጓደኛዋ በስልክ በእንግሊዝኛ «አይ ስቶፕድ ኢቲንግ ፊሽ» ብላ ጻፈች። ዓሣ ልበላ ጎራ አልኩ ማለቷ ነው። የጻፈችው ግን «ዓሣ መብላት አቆምኩ» የሚል ሆነ።

«ስቶፕድ ቱ ኢት» ልበላ ብዬ ቆምኩ ነው። «ስቶፕድ ኢቲንግ» ደግሞ መብላቱን ራሱን ተውኩት። «ሪሜምበር»ም እንዲሁ ነው። «ሪሜምበር ቱ ሎክ» ስንል መቆለፍ እንዳትረሳ፤ «ሪሜምበር ሎኪንግ» ስንል የቆለፍነው ትዝ ይለናል። እዚህ ላይ «ቱ» ወደፊት ያያል፣ «ኢንግ» ወደኋላ።

የሚያሳስተን አማርኛችን ይመስለኛል። «መዋኘት እፈልጋለሁ»፣ «መዋኘት ያስደስተኛል» እንላለን። «መዋኘት» አይለወጥም። እንግሊዝኛው ግን ከ«ዋንት» ጋር «ቱ ስዊም»፣ ከ«ኢንጆይ» ጋር «ስዊሚንግ» ይላል። ምክንያት ከመፈለግ ከግሱ ጋር አብሮ መያዝ ይሻላል። «ላይክ» ሁለቱንም ይቀበላል።

እኔን የሚያሳስበኝ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» (በጉጉት መጠበቅ) ነው። «ቱ» ስላየን ቀጥለን «ሲ» (ማየት) እንላለን። ይሄኛው «ቱ» ግን መስተዋድድ ነው፤ የሚከተለው «ሲዪንግ» ነው። የሥራ ማመልከቻ ስትጽፉ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ያለባትን መስመር ደግማችሁ እዩዋት።