የአባቴ ላዳ፣ ሁለት ጋራዥና ሶማሌ ተራ

የመጀመሪያው ጋራዥ፣ ስሙን ልተወውና፣ የአባቴን ላዳ ኮፈን እንኳ ሳይከፍት «ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይወርዳል» አለኝ፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ተበልቷል፣ ማርሽ ሳጥኑ ይውረድ ማለቱ ነው። ሸራ፣ ስፒንጂ ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ የእጅ ዋጋ እያለ ሲደምር ከፍራንክፈርት የመጣሁ መሆኔን ከአነጋገሬ የለየ ይመስለኛል።

የነገርኩት ምልክት ግን ሌላ ነበር። ጠዋት ጠዋት የፍሪሲዮኑ ፔዳል፣ ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠው፣ ሲረገጥ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ አንደኛ ማርሽ እየጮኸ አልገባም ይላል፣ ደጋግሜ ስረግጠው ደግሞ ይነሣና ደህና ይሆናል። ሸራ ያለቀበት መኪና እንዲህ አይሆንም። ሸራ ሲያልቅ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ በተለይ ዳገት ላይ። የእኛ ላዳ እንጦጦን ያለ ምንም ችግር ነበር የወጣችው። ምስጋና ሰጥቼ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛውን መካኒክ የጠቆሙኝ የድሮ የላዳ ታክሲ ሹፌሮች ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ መፍቻ አላነሡም። ስለ ጠዋቱና ስለ ከሰዓቱ ልዩነት ጠየቁኝ፣ የፍሪሲዮን ዘይት ማጠራቀሚያውን አዩ (ጎድሏል)፣ ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ ገልጠው በእጃቸው ዳሰሱ። ደረቅ ነው፤ ከላይ አላፈሰሰም ማለት ነው። «በይ ልጄ፣ ርገጪውና ሳትለቂ ያዢው» አሉኝና መኪናው ሥር ገቡ። እግሬ ሥር ፔዳሉ ቀስ እያለ ሲወርድ ይታወቀኝ ነበር። ከታች የታችኛውን ፖምፓ አቧራ መከላከያ ጎማ በካቻቢቴ ገለጥ ሲያደርጉት ዘይት ጠብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላዳ ፍሪሲዮን እንደ ቮልስ በሽቦ አይሠራም። ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ ይገፋል፣ ዘይቱ በቱቦ አልፎ የታችኛውን ይገፋል፣ የዚያ ዘንግ ደግሞ ሸራውን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ሹካ። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ጎሚኒው፣ ማለትም ፖምፓው ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ፣ አርጅቶ ዘይት ሲያፈስ አየር ይገባል፣ ፔዳሉ አየሩን ሲያምቅ ይውላል እንጂ ሹካው በቂ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ማርሹ ይጮሃል። ሸራው ምንም አላደረገም።

«የሁለቱንም ፖምፓ ጎሚኒ አምጪ፤ የታችኛው ብቻ ከታደሰ ግፊቱ ሲመለስ የላይኛው ይለቃል» አሉኝ። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ባለ ሱቅ አሮጌውን ሳያይ አልሸጥም ብሎ ፒስተኑ ላይ አስገብቶ ለካልኝ፣ ርካሹን ሳነሣም «እሱ ለወር ነው» ብሎ ከእጄ ቀማኝ። አንድ ሌላ ቦታ ግን የተከፈተ የፍሬን ዘይት (ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በእሱ ነው) በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ሊሰጡኝ ነበር። እንዳትገዙ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ከቆየም የፖምፓውን ውስጥ ያዝጋል። ያልተከፈተ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ግዙ፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ፈጽሞ እንዳይጨመርበት፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

አየር ማስወጣቱን እኔ ፔዳል እየረገጥኩ፣ እሳቸው ከታች የአየር ማስወጫ ቡሎኗን እየፈቱና እያጠበቁ ጨረስን። ከቡሎኗ የወጣው ቱቦ ጫፍ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ፤ ረዳታቸው ደግሞ ከላይ ዘይቱ እንዳያልቅ እየሞላ።

ከሰዓት ያለቃል የተባለው በማግሥቱ ነው ያለቀው። ደረሰኝ የለም፣ መቀመጫ የለም፣ ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። የጠየቁኝ ዋጋ ግን የጎሚኒ መቀየሪያ ብቻ ነበር። እኔ የምኖርበት አገር ጋራዡ ምንም ባይጠግን እንኳ ችግሩን የፈለገበትን ሰዓት ያስከፍላል። እኛ ዘንድ ለምርመራ የሚከፍል ስለሌለ የሚያተርፈው ካምቢዮ የሚያወርደው ነው፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ችኮላም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ከ2012 ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት በኤክሳይዝ ታክስ ከብዷል፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያሉት ላዳዎች ገና ብዙ ይነዳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩን ለፈለጉበት ጭምር ጨምሬ ከፈልኩ፤ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ኋላ ተቀበሉ።

ወደ ሽማግሌው የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ድረሱ፣ ባለ ታክሲዎቹ ቀድመው ይሰለፋሉ። እሑድ ዝግ ነው።