ከመፈረማችሁ በፊት ኮተቤ ያሉትን ጋሼ አማክሩ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ልጁን፣ እህቱን ወይም ወንድሙን መምህርነት የሚያስተምር ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። በተለይ እንደኛ ከየካ አባዶ፣ ከካራ፣ ከአያት ወይም ከለገጣፎ ወደ ኮተቤ ለሚመላለሱ ይጠቅማል።

ኮተቤ ውስጥ፣ ከትምህርት ዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ያላት አንድ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ከጻፍሽም ሥራውን ጻፊ» ነው ያሉኝ። እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ጋሼ የሚሸጡት ኮፒ ነው። በነፃ የሚሰጡት ግን ሌላ ነው። ለመምህርነት የሚሰለጥን ተማሪ ምን ድጋፍ ከየት እንደሚያገኝ፣ የትኛው ገንዘብ ስጦታ፣ የትኛው ደግሞ ነገ የሚጠየቅበት ዕዳ እንደሆነ ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ። እኔ እስካሁን ባየሁት ይህን በዚህ ልክ የሚያስረዳ ሰው የለም። ቢሮ ሄዳችሁ ብትጠይቁ «ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አለ» ትባላላችሁ። ሰሌዳው ላይ ያለው ደግሞ ግማሹ የአምና ነው።

ታናሽ እህቴ የሒሳብ መምህርት ለመሆን ነው የምትማረው። እኔ ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእኔ ደመወዝ ነው። ምደባው ሲወጣ ዘመድ አዝማዱ «መምህርነት ምን ሊያበላት ነው?» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። እሷ ግን ከልጅነቷ የጎረቤት ልጆች ሰብስባ በር ላይ በከሰል እየጻፈች የምታስተምር ልጅ ናት። ሌላ ነገር እንድትማር አልፈለግሁም። ያሳሰበኝ ገንዘቡ ነበር።

ብዙ ሰው «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው» ይላል። አይደለም። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለ። ሥርዓቱ ሲጀመር በተቀመጠው መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን ይጋራል። ምግብና መኝታ ከተጠቀመ ደግሞ የእነዚህ ወጪ ሙሉ በሙሉ በስሙ ይያዛል። እየተማረ ሳለ አይከፍልም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። ለዚህም በየዓመቱ ውል ይፈርማል። እዚህ ላይ ነው የጋሼ ጥቅም የሚታየው። አብዛኛው ልጅ ያንን ውል የሚፈርመው ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ የፊተኛውን ልጅ ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ነው።

እህቴ ፎርሙን ኮፒ ልታስደርግ ነበር የገባችው። ጋሼ ማሽኑ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት አይተውት መለሱላት። «ቁጭ በይና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አሏት። ማንንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ያላነበበውን ወረቀት አያስፈርሙም። እያነበበች አገልግሎት የሚመረጥበት ቦታ ደረሰች። ምግብ፣ መኝታ፣ ሁለቱም፣ ወይም በጥሬ ገንዘብ ይላል።

«ዶርም ገብተሻል?»

«አልገባሁም። ከእህቴ ጋር ነው የምኖረው።»

«ካፌ ትበያለሽ?»

«አልበላም። ምሳዬን ቋጥሬ ነው የምመጣው።»

«ታዲያ ያልበላሽውን እንጀራ ዕዳ ለምን ትፈርሚያለሽ?»

ልጅቷ ልክ እንደ ጓደኞቿ «ሁለቱም» የሚለው ላይ ምልክት ልታደርግ ነበር። ጋሼ ማስመሪያ አምጥተው ከረድፉ ሥር አስቀመጡና እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል ነገሯት። በጥሬ ገንዘብ ቢሆን እንኳ ስጦታ እንዳልሆነ፣ እሱም በዕዳነት እንደሚጻፍ አስረዷት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለብዙ ጊዜ 15 ብር፣ በኋላ 22 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር አድጓል። ለሚበላው ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ለማይበላው ግን ያቺን ረድፍ በደንብ አይቶ መሙላት የበለጠ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ የእናት ሙሉ ስም የሚለውን አስነበቧት። ስሟ፣ የአባትና የእናቷ ስም በ12ኛ ክፍል ውጤቷና በፋይዳዋ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል እንዲጻፍ አደረጉ። «ሐ» እና «ሀ» እንኳ ሳይቀር። «ዛሬ አንድ ፊደል ከተዛነፈች በምረቃሽ ማግስት ስትንከራተቺ ትከርሚያለሽ» ብለዋታል።

ማታ ቤት መጥታ ስትነግረኝ እኔም በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። ላመሰግናቸው ነበር የሄድኩት፤ እኔንም አስቀምጠው አስተማሩኝ።

ለመምህርነት የሚሰለጥን ተማሪ ዕዳውን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ በደንቡ ተቀምጧል። አስተምሮ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ከጋሼ በፊት ማንም አልነገረኝም። ብዙ ቤተሰብም አያውቀውም። ልጆቻቸውን በዕዳ ፍራቻ ከመምህርነት የሚያርቁ ወላጆችን አውቃለሁ። ጋሼ ግን «ተብሏል ብለሽ እንዳትተኚ» አሉኝ። እህቴ በምትማርበት ክፍል አገልግሎቱ እንዴት እንደሚታሰብ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሬጅስትራር ሄዳ ትጠይቅ፣ የተፈረመውን ውል በየዓመቱ ኮፒ አድርጋ ትያዝ፣ ሥራ ስትጀምርም ከትምህርት ቤቱ የአገልግሎት ደብዳቤ እየተቀበለች ታስቀምጥ አሉ። ግዴታው መጠናቀቁ ሳይረጋገጥ ኦሪጅናል ዲግሪ እንደማይሰጥ ሁላችንም እንሰማለን። ያኔ የሚያድነው ወረቀት ዛሬ የሚቀመጠው ነው። እህቴ አሁን አረንጓዴ ክላሰር አላት፤ ጋሼ ናቸው በቅናሽ የሸጡላት።

ስለ ስጦታው ደግሞ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ጾታ ቢሮና የተማሪዎች ዲን አላቸው። ብዙዎቹ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የኪስ ገንዘብ፣ የንጽሕና መጠበቂያ ወይም የኮፒ ወጪ ይደግፋሉ። ብሩ ብዙ አይደለም። የታክሲ ለሌላት ልጅ ግን ብዙ ነው። የሚጠየቀው ከወረዳ የአቅም ማነስ ማረጋገጫ ነው። ጋሼ ማመልከቻውን እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያሉ እንጂ እሳቸው አይጽፉላችሁም። «ችግርሽን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» ይላሉ። ልጁ ራሱ ይጽፋል፣ እሳቸው ያርማሉ፣ ከዚያ ይተይባሉ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ይዞ የመጣውን ሁሉ መልሰው ይልኩታል። ውሸት ጨምሩልኝ ያላቸውንም እንዲሁ። አባቱ ሳይሞት «ወላጅ አልባ ነኝ» ብሎ ሊያስጽፍ የመጣ ልጅን በቁጣ ሳይሆን በርጋታ ሲመክሩት አይቻለሁ። የእውነት ችግሩን ጠየቁት። የቀን ሥራ እየሠራ ነበር የሚማረው። «ይኸው፣ ይህ አይበቃም?» አሉት።

አንድ ማየት የተሳነው ሰልጣኝም ደንበኛቸው ነው። እሱ ሲመጣ ማሽኑን ያቆማሉ። ማስታወቂያውን ከላይ እስከታች፣ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ሳይቀር፣ ያነቡለታል። ፊርማ የሚያርፍበትን ቦታ በጣቱ ያስይዙታል። አካል ጉዳት ላለባቸው ወጣቶች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል እንዳለ እኔ የሰማሁት እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

በቴሌግራም «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን፣ ቅድሚያ ክፍያ አስገቡ» የሚሉትን ጋሼ አጥብቀው ይቃወማሉ። ሊረዳህ የፈለገ ሰው ለምን ቀድሞ ካንተ ይወስዳል ነው ነገሩ። ተማሪ እዚህ ላይ ብዙ ተበልቷል።

ክረምት ላይ ሌላ ዓለም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከየገጠሩ የሚመጡ መምህራን ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ሊያሳድጉ ኮተቤ ዙሪያ ቤት ይከራያሉ። ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ነው። ጃንጥላቸውን ደጅ ደርድረው፣ ጭቃቸውን ደፉ ላይ ጠርገው ይገባሉ። ከነሱ ጋር ጋሼ ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ያው የሙያ ወንድሞቻቸው ናቸው። አሠሪው ቢሮ ወጪውን ሲሸፍን መምህሩ ከተመረቀ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሊያገለግል ግዴታ ይገባል፤ ዋስም ይጠራል። ጋሼ የሚያስነብቧቸው ያንን ነው። ግዴታው ስንት ዓመት ነው? ዝውውር ቢመጣስ? ቢታመሙስ? ዋሱ ምን ድረስ ይጠየቃል? አንዲት መምህርት ዋስ የሆነቻት ጓደኛዋን ጠርታ አብራ እንድታነብ ስታደርግ አይቻለሁ። ጋሼ ናቸው «እሷ ሳታውቅ አትፈርሚ» ያሏት። ሁለቱም እኩል ሰምተው ፈረሙ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጉዳዩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው «መምህር የለም፣ ትምህርት ሞተ» አለ። መምህር ሊሆን የተነሳውን ልጅ ግን በታክሲ ብርና በአንድ ፎርም እናጣዋለን። ኮተቤ ከ60 ዓመት በላይ መምህራን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው። ኮሌጅ ነበር፣ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ አሁን ደግሞ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በበሩ የሚገቡት ልጆች ነገ የኛን ልጆች ይይዛሉ። እኔ የእድራችንን ሰብሳቢ አነጋግሬ ለአካባቢያችን ሁለት የመምህርነት ተማሪዎች የታክሲ ወጪ እንድናዋጣ አስወስኛለሁ። ሐሳቡን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው። ለለቅሶ የምናዋጣ ሰዎች ለትምህርት ማዋጣት አያቅተንም።

ለመሄድ የምታስቡ ይህንን እወቁ። ጋሼ አይቸኩሉም። «ቶሎ በሉኝ» የሚል ሰው ሌላ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትየባ የለም፤ በእጅ ጽፈው ያቆዩላችኋል። ዕድል እንደሚያስገኙ ቃል አይገቡም፤ የሚያውቁትን ይነግሯችኋል፣ የማያውቁትን የት ቢሮ እንደሚጠየቅ ያሳዩዋችኋል። መስታወታቸው ላይ የሳምንቱን ማመልከቻና የማብቂያ ቀን በእጅ ጽፈው ይለጥፋሉ፤ ቀኑ ያለፈበትን በዚያው ዕለት ያነሱታል።

ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እህቴ ዘንድሮ ውሏን ራሷ አንብባ፣ ለክፍሏ ልጆችም አስነብባ ነው የፈረመችው።

ከካራ ወይም ከላምበረት በሚኒባስ መጥታችሁ ኮተቤ ዩኒቨርሲቲው ጋ ወርዳችሁ «ጡረተኛው መምህር ኮፒ ቤት» ብትሉ ተማሪው ያሳያችኋል። ሰኞ ጠዋት ወረፋ ስላለ ከሰዓት ይሻላል፤ እሁድ ዝግ ነው። ያልተፈረመውን ፎርም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና ፋይዳ ይዛችሁ ሂዱ። ለምክሩ አያስከፍሉምና ኮፒያችሁን እዚያው አሠሩ።