ቲዩብ አምፔን ሸጬ ሞደለር ከያዝኩ ስምንት ወር

ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የተባለውን የጊታር ቲዩብ አምፔን (ድምፅ ማጉያዬን) ሸጬ፣ የብዙ አምፖችን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ በእግር የሚረገጥ ዲጂታል ሞደለር ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ለመሸጥ ያስገደደኝ ወገቤ ነው፤ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ያሉትንና ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋውን አምፕ በታክሲ ጭኖ፣ የምሽት ክበብ ደረጃ ላይ አውጥቶ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መልሶ ማውረድ አቅም ይጨርሳል። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ስለነበር ከባድ ትራንስፎርመርም አብሮት ይጓዝ ነበር። ሞደለሩ ግን በጀርባ ቦርሳ ይገባል፣ እስካሁንም አንድ ቀን አልተበላሸብኝም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የመጀመሪያው ምሽት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር። ለትዝታ ያሰናዳሁት ክሊን (ያልሻከረ ንጹሕ) ድምፅ ታቹ ሙሉ፣ ላዩ ብሩህ ስለነበር ትዊኑን የሚያስረሳኝ መስሎኝ ነበር። መድረክ ላይ ዘፋኟ ትዝታን ስትጀምር ተከትያት የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ስነካ፣ ወፍራሙ ክር ከቤዙ ጋር ተደባልቆ አጉረመረመ፣ ቀጭኑም እንደ ቆርቆሮ ጆሮ ወጋ። ቤዝ ተጫዋቹ ዞሮ አየኝ። ዘፋኟ ወደ ሞኒተሯ (መድረክ ላይ ወደምትሰማበት ስፒከር) እያመለከተች ጊታሩ እንዲቀነስላት ጠየቀች፤ ሳውንድ ማኑ ቀነሰው፣ እኔም የራሴን ጊታር በቅጡ ሳልሰማ አመሸሁ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ቤዙን በእጅጉ፣ ከፍተኛውን ትሬብልም በመጠኑ አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። እኔ ቤት ውስጥ የጎደለ የመሰለኝን ስሞላ ከርሜ፣ መድረክ ላይ ድምፁ ሲያድግ የጨመርኩት ሁሉ አብሮ ወጣ። ሞደለሩ የሚሰጠው ደግሞ ስፒከሩ አፍ ላይ የተደገነ ማይክራፎን የሚይዘውን ድምፅ እንጂ፣ ከአምፑ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚሰማውን አይደለም።

ሞደለሩን የሸጠልኝ ሰው ይህን ቢያነብ «ስህተቱ የአንተ እንጂ የመሣሪያው አይደለም» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ሞደለሩ የሚያስመስላቸውን አምፖች ዝርዝር ሲደረድርልኝ፣ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማኝ ድምፅ መድረክ ላይ እንዳለ እንደማይገኝ አንድ ቃል ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ያ ሁሉ አምፕ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለትዝታ አንድ ይበቃኛል።

አሁን ክበቡ ባዶ ሳለ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ደርሼ፣ ድምፁን በመድረክ ልክ ከፍ አድርጌ አስተካክላለሁ። ከ100 ኸርዝ በታችና ከ6,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እቆርጣለሁ፣ ሪቨርቡንም (የማስተጋባት ድምፁን) በግማሽ ቀንሻለሁ። ብቻውን ሲሰማ ደረቅ ነው፤ በባንዱ መሐል ግን ቦታውን ያገኛል። ያልተመለሰልኝ ከኋላዬ አየር የሚገፋው ስፒከር ነው። ትዊኑ ጀርባዬ ሆኖ ሲጮህ፣ የያዝኩት ኖታ ወደ ክሩ ተመልሶ ጣቴ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር፤ ዘፋኟ ትንፋሽ እስክትወስድ አንድ ኖታ አስረዝሜ የምጠብቃት በዚያ ተማምኜ ነበር።

ሞደለሩን አልሸጠውም፤ ለሠርግና ለክፍለ ሀገር ጉዞ የሚተካው የለም። ትዊኑን መሸጤ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ባለፈው ወር ገዢውን መልሶ እንዲሸጥልኝ ጠይቄው እምቢ ስላለኝ፣ 22 ዋት የሆነውንና ወገቤ የሚችለውን አነስተኛ የፌንደር አምፕ፣ ዴሉክስ ሪቨርብን፣ እያፈላለግሁ ነው። ትራንስፎርመሩ አሁንም አልጋዬ ሥር አለ።