ከ42 ወደ 39፦ ለአንድ ጫማ ሰሪ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጽሁፍ አራት ወር አዘግይቼዋለሁ። ያዘገየሁት ሆነ ብዬ ነው፤ አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ሳምንት የማያምር የለም። ክረምቱ ይግባ፣ ጭቃውን ይቅመሰው፣ ከዚያ እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ወጣም፤ ይኸው ልመስክር።

የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሥራዬ ግን ባሶና ወራና ገጠር ውስጥ ነው፤ ሞተር ሳይክል ሐምሌ ላይ በማይገባበት መንገድ በቀን ሦስት አራት ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። የእኛን ዋልካ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ አንዳንዴ እግር ይወጣና ጫማው እዚያው ይቀራል። ጭቃው አለቀ ስንል ውርጭ ይተካል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ኅዳር ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ቦቲ ብንውል በሚል ሞከርነው፤ ጠዋት እግር ያቀዘቅዛል፣ ቀን በላብ ይቀቅላል፣ ማታ ካልሲው ሲወልቅ ቆዳም አብሮ ይነሳል።

እግሬን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። መንዝ ነው ያደግኩት። ሰባተኛ ክፍል እስክገባ በባዶ እግሬ በግ ስጠብቅ ስለኖርኩ የፊቱ በኩል እንደ ላይዳ የተነጠፈ ነው፤ ተረከዙ ግን ቀጭን ነው። በአውራ ጣቴ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ አጥንቱ ወጣ ብሎ ጉብ ብሏል። ግራው ከቀኙ ይበልጣል። ወንድሜ «አንቺ እግር አልበቀለልሽም፣ ላይዳ ነው» ይለኛል፤ አልቀየመውም፣ የእሱም ያው ነው። ልዩነታችን እሱ ወንድ ስለሆነ የሚሆነው ጫማ ሱቅ ውስጥ መኖሩ ብቻ ነው።

የሴት ቦት ጫማ ሱቆቻችን ውስጥ ከ40 ቁጥር አያልፍም፤ ጫፉም እንደ ማረሻ የሾለ ነው። ስለዚህ ለዓመታት የወንድ 42 ሳደርግ ኖርኩ። ሻጮቹ «ለባለቤትሽ ነው?» ሲሉኝ «አዎ» እያልኩ እገዛ ነበር። መርካቶ ድረስ፣ 130 ኪሎ ሜትር ወርጄ የፈለግኩበት ጊዜም አለ። አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ «ግድ የለሽም እህቴ፣ ቆዳ ስለሆነ ይለቃል» ብሎ አሳምኖ የሸጠልኝን አልረሳውም። ሁለት ወር ጠበቅኩት። የለቀቀው የአውራ ጣቴ ጥፍር ነው።

ጫማ ሰሪውን የጠቆመችኝ ቢሯችን በር ላይ ቡና የምታፈላልን እህት ናት። ሳነክስ አይታ «ምነው አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» አለችና ገበያው አካባቢ ካለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ላከችኝ። ጽሁፍ የለባትም፣ ምልክት የለባትም። ግድግዳዋ ላይ የእንጨት ፎርማዎች (ጫማ የሚሰራባቸው የእግር ቅርጾች) ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል፣ መሬቱ የቆዳ ቁርጥራጭ ነው፣ ማስቲሹ ከሩቅ ይሸታል። ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ እንዲሁ ጋሼ እላቸዋለሁ) ፊቴን ሳያዩ መጀመሪያ ጫማዬን አዩ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«አይደለም» አሉ። ቁጭ በይም አላሉኝም።

ከዚያ የገረመኝ አለመለካታቸው ነው። ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። «ሥራሽን ዋይና ከ10 ሰዓት በኋላ ነይ፣ ደክሞሽ ነይ» ብለው መለሱኝ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ማበጡን እኔም አውቃለሁ፤ ከጫማ መለካት ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም ነበር። ጠዋት የሚለካ እግር ማታ ከሚያብጠው ያነሰ ነው፤ እኔ ደግሞ ጫማ የምገዛው ሁልጊዜ ሥራ ከመግባቴ በፊት ነበር።

በማግስቱ ማታ ሄድኩ። የምሄድበትን ካልሲ አስደረጉኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አንጥፈው በሁለቱም እግሬ እኩል አቆሙኝ፤ ተቀምጦ የተለካ እግር ክብደት ስላላረፈበት ጠባብ ሆኖ ይታያል አሉ። እርሳሱን ቀጥ አድርገው፣ ሳያጋድሉ፣ ግራውንም ቀኙንም ለየብቻ ዙሪያቸውን አሰመሩ። ከዚያ በሜትር ገመድ፦ የጣቶቹን መነሻ ዙሪያ፣ የእግሩን ጀርባ ዙሪያ፣ ከተረከዝ እስከ እግር ጀርባ በሰያፍ፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ባቱን። ጉብ ያለው አጥንት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረጉ። እግሬን እንዲህ ያየው ሰው ከእናቴ ሌላ የለም፤ ትንሽ አፈርኩ።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ገልብጠው ቁጥር ጻፉ፦ 39።

«ጋሼ፣ እኔኮ 42 ነኝ።»

«ርዝመትሽ 39 ነው። 42 ያደረገሽ ወርድሽ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያስረዱኝን ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም እንደኔ በቁጥር የምትሰቃዩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጫማችን ላይ የሚጻፈው ቁጥር የርዝመት ነው። አንድ ቁጥር በጨመርን ቁጥር ጫማው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ለወርድ ብዬ ከ39 ወደ 42 ስሸሽ ሦስት ቁጥር፣ ማለትም ድፍን 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ከጣቶቼ ፊት ተሸክሜ ነበር የምዞረው። ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ እግሬ ከሚታጠፍበት አልፎ ነው። ቀጭኑ ተረከዜ ውስጡ ይዋኛል፤ በየእርምጃው ይወጣል፣ ይገባል፣ ይልጠኛል። ቁርጭምጭሚቴ በየቦዩ የሚዞረው በእኔ መንቀዥቀዥ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት ራሴን «ደንቃራ» እያልኩ ስሰድብ ኖሬአለሁ።

ሥራውን ብዙ አላውቅም፣ ያየሁትን ብቻ ልበል። ለኔ የሚሆን ፎርማ ስላልነበራቸው 39ኙን ፎርማ አወረዱና ጉብ ያለው አጥንቴ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆዳ በቆዳ ላይ እየለጠፉ፣ እያሞረዱ፣ አሳበጡት። ለግራው ደግሞ ከፊቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨመሩ። የላዩ የበሬ ቆዳ ነው፣ ገበሩ የበግ። ምላሱን ከሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር አያያዙት፤ ውኃ በክሩ በኩል እንዳይገባ ነው። ታኮው ዝቅ ያለና ሰፊ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ወፍራም ጎማ ነው፣ ዙሪያውን በእጅ ተሰፍቷል። መልኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የወታደር ከስክስ ይመስላል። ለሰርግ አይሆንም።

ጉድለታቸውንም ሳልናገር ባልፍ ምስክርነቴ ሙሉ አይሆንም። ጋሼ ቀጠሮ አያከብሩም። አሥር ቀን ብለውኝ የጨረሱት በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው፤ በመሀል አንድ ጊዜ ለልኬት ጠርተውኝ ስሄድ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ስልክ ሲደወልላቸው ካሻቸው ያነሳሉ። ግማሽ ቀብድ ሳይቀበሉ ወስፌ አያነሱም። በሚካኤልና በማርያም ደግሞ ጨርሶ አይከፍቱም፣ ስለዚህ 12ንና 21ን ከቀጠሮ አውጡ።

ጫማውም በመጀመሪያው ሳምንት የቀኝ ትንሿ ጣቴን ነከሰኝ። ተናድጄ ይዤላቸው ሄድኩ። ምንም አልተከራከሩም። ቦታውን በጣቴ አስጠቁመው ከውስጥ አረጠቡት፣ በመዶሻ እጀታ ገፉት፣ እንጨት ወትፈውበት አሳደሩት። በማግስቱ ሳደርገው የነከሰኝ ቦታ የት እንደነበር ጠፋኝ። ለዚህ ምንም አላስከፈሉኝም።

ጫማዬን ስጠብቅ ከተቀመጥኩባቸው ቀናት በአንዱ ሌላ ትዕዛዝ አየሁ። ከጫማ ይልቅ ትንሽ ከረጢት የሚመስል፣ ከፊት እስከ ጣቱ የሚከፈት፣ በሰፊ ማሰሪያ የሚጠበቅ ቡትስ ነው። ዝሆኔ ያለባቸው አንዲት እናት ያዘዙት ነው አሉኝ። በየቀበሌው ስዞር ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከቤት የማይወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ራቅ ብለው የሚቆሙ። እኛ አገር እርግማን ነው፣ ይተላለፋል እየተባለ ነው የሚወራው። በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ይህ ዓይነቱ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ ለዓመታት ሲቆጣ የሚያመጣው እብጠት ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ የሚበዛው በዘር ተጋላጭነት ስላለ ነው፤ እርግማን የተባለውም ለዚሁ ይመስለኛል። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ጫማ ማድረግ ብዙ ያግዛል። ችግሩ ያበጠ እግር የሚገባበት ጫማ ከየት ይምጣ ነው። «የእሳቸውን በስንት ነው የሚሰሩት?» ብዬ ጠየቅኩ። «በቆዳው ዋጋ» ብለው ወሬውን ቀየሩ።

እንዲህ ያለውን እጅ የኛ አያቶች «ፋቂ» ብለው ይሰድቡ እንደነበር ሳስታውስ ያመኛል። አንጎለላ፣ እዚሁ ጎረቤታችን የተወለዱት ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አያቴ አዋጁ የደረሳት አይመስለኝም።

ወደ ጫማው ልመለስ። ትልቁ ፈተና ጭቃው ሳይሆን ቁልቁለቱ ሆነ። ነሐሴ ላይ ለሥራ አንኮበር ወርደን ነበር፤ አንኮበርን የወረደ ያውቀዋል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ጣት ሁሉ ወደ ፊት ይጠራቀማል። በድሮው 42 ቢሆን ጥፍሮቼን እዚያው ቀብሬ ነበር የምመለሰው። አሁን ግን የእግሬ ጀርባ በማሰሪያው ተይዞ፣ ተረከዜ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ጣቶቼ ሳይነኩ ወረድኩ። ባልደረቦቼ ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ሲዘፈዝፉ እኔ ሽሮ ሰርቼ አበላኋቸው።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ በገበያ ቀን ጊዜ የላቸውም። የምታደርጉትን ካልሲና የሚያስቸግራችሁን አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሶሉን አበላል አይተው ብቻ ብዙ ይነግሯችኋል። እኔ 4,800 ብር ከፍያለሁ፤ ቆዳው ሲወደድ ዋጋውም ይወደዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከምጥለው ጫማ ጋር ሳስተያየው አልበዛብኝም። ሲረጥብ እሳት ዳር አታስቀምጡት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ሣር ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ አልፎ አልፎ ሞራ ቀቡት።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በራሴ እወስዳችኋለሁ። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ ነው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ አይድረቅ።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ያላቸው ቀለም ጥቁርና ቡኒ ነው። ቀይ ይቻል እንደሆነ እንዳትጠይቁ። እኔ ጠይቄ ቀብዴን ሊመልሱልኝ ኪሳቸው ገብተው ነበር።